ሌንሱ ምን ያህል ይረዝማል?

የጌዴኦዋ ወናጎ ላይ ትልልቅ ጉዳዮች የሚወሰኑት ቡና ሲሸጥ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸቱ ሲቀላ፣ መፈልፈያዎቹ ሲያጓሩ ሲያድሩ፣ ዓመቱን ሙሉ «ቡናው ይድረስና» እየተባለ ሲንከባለል የከረመ ዕቅድ ሁሉ ቀጠሮው ይደርሳል። ቆርቆሮ የሚቀይር ይቀይራል፤ ሞተር የሚገዛ ይገዛል፤ የሚያገባ ያገባል። የሚያገባ ስላለ ሠርግ አለ፤ ሠርግ ስላለ ፎቶ አለ፤ ፎቶ ስላለ ደግሞ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ካሜራ እገዛለሁ» አለ።

ካሜራ ሲል ስልኩ ላይ ያለውን ማለቱ አይደለም። እሱማ አለው፤ ደህና አድርጎም ያነሳል። እሱ የፈለገው አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን፣ ሲጫኑት «ቻክ» የሚለውን ዲኤስኤልአር ነው። ያ ድምፅ ለጌጥ የተገጠመ እንዳይመስላችሁ። ካሜራው ሆድ ውስጥ አንዲት መስታወት አለች፤ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ዓይንህ የምታቀብልህ እሷ ናት። ስትጫነው ብድግ ብላ መንገድ ትለቃለች፤ ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ እሷም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ቻክ የምትለው ይህን ሁሉ ስትሠራ ነው። ወናጎ ላይ ይህ ድምፅ ገንዘብ ነው። ስልክ ዝም ብሎ ያነሳል፤ ዝም ብሎ ለሚያነሳ ነገር ደግሞ ማንም አይከፍልም።

ዘመን የሚከታተል አንባቢ እዚህ ላይ «አሁን ማን ዲኤስኤልአር ይገዛል?» ብሎ ሊያቋርጠኝ ይፈልግ ይሆናል። አያቋርጠኝ። ካነንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. በ2018 ለመስታወት አልባ ካሜራዎች አዲስ የሌንስ መስመር ከከፈቱ ወዲህ፣ የሀብታም አገር ፎቶ አንሺ ዕቃውን እየቀየረ ነው። እሱ ያወለቀው ለእኛ ይደርሰናል። ለጀማሪ ከዚህ የተመቸ ዘመን አላውቅም፤ ትናንት የባለሙያ ሕልም የነበረው ሁሉ ዛሬ «ያገለገለ» ተብሎ ዋጋው ይወርዳል። ሌላው ምክንያት መብራት ነው። መስታወት አልባው ገና ዓይንህን ስታስጠጋ ስክሪን እያበራ ባትሪ ይበላል፤ ዲኤስኤልአር ግን በመስታወት ስለሚያሳይ እስክትጫነው ድረስ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ተራው ካነን 1100ዲ እንኳ በአንድ ቻርጅ 700 ያህል ፎቶ የሚያነሳ ነው። የሠርጉ ዋዜማ መብራት ቢጠፋ (ቢጠፋ ያልኩት በትሕትና ነው) 700 ፎቶ ቢያንስ ሙሽራዋን ይሸኛል።

ጌዴኦ ከባድ ነገር ሲገጥመው ሽማግሌ ሶንጎ ላይ ይቀመጣል። የካሜራው ሶንጎ ግን የተቀመጠው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም ማንም ሳይጠራው።

ፀጉር አስተካካያችን ጉሮሮውን ጠርጎ «ሜጋፒክስሉ ስንት ነው?» አለ። ስልክ ሲሸጥም ሲገዛም የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ አልደነቀኝም። ልጁ ያሰበው 1100ዲን ነበርና «12» ሲል ቤቱ ውስጥ የሐዘን ዝምታ ሆነ። የአንዱ ደንበኛ ስልክ 50 ነበረውና ከኪሱ አውጥቶ ለሁሉም አሳየ። 12 ሜጋፒክስል ማለት 4,272 በ2,848 ነጥብ ነው፤ ጥርት ባለ ኅትመት ከኤ4 ወረቀት ይበልጣል። ወናጎ ውስጥ ከኤ4 የሚበልጥ ፎቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። የፎቶ አንሺ እንጀራ ዋና ምንጭ 3 በ4 የሆነው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለእሱ ሩብ ሜጋፒክስል እንኳ ይተርፈዋል። የቀረው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ ፌስቡክ ደግሞ ምንም ብታመጣለት አሳንሶ ነው የሚቀበልህ። የስልኩ ነጥብ ይብዛ እንጂ፣ ነጥቦቹ የተፋፈጉባት ሴንሰር ከትንሹ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የ1100ዲው ሴንሰር 22 በ15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ለፀጉር አስተካካያችን አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰምቶኝ «ቢሆንም 12 ትንሽ ነው» አለ፤ ምላጩን የያዘው እሱ ስለነበር ተውኩት።

ቀጥሎ የተናገረው ቡና ነጋዴው ጎረቤቴ ነው። እሱ ሜጋፒክስል ምናምን አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ርዝመት ነው። «ሌንሱ ምን ያህል ይረዝማል?» አለ። በቀጥታ ስርጭት ያየው ኳስ ሜዳ ዳር የተኮለኮሉ ፎቶ አንሺዎች ክንድ የሚያህል ሌንስ ይዘው ነበር። የእሱ ሐሳብ ግን ኳስ አይደለም፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡናውን ከቤቱ በረንዳ ሆኖ ማየት ነው። ማን አልጋውን እንደሚያልፍ፣ ማን አልፎ እንደሚመለስ፣ ማን ሲመለስ ኪሱ እንዳበጠ። ስለዚህ ልጁ 75-300 የተባለውን ይግዛ አለ፤ ግማሹን ዋጋ እንደሚያግዝም ቃል ገባ።

75-300 በጀማሪ ዓይን ሲታይ ምንኛ ያምራል! ረጅም ነው፤ ርካሽ ነው፤ ሲያዞሩት ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። በሚሸጥበት ጥቅል ውስጥ ከተራው 18-55 ጋር ጎን ለጎን ተኝቶ ሲታይ «ሁለት ሌንስ አገኘሁ» ያሰኛል። ጣጣው የሚመጣው ሲነሳበት ነው። የ1100ዲን በመሰለው በትንሹ የዲኤስኤልአር ሴንሰር ላይ 300 ሚሊ ሜትር በትልቁ የባለሙያ ሴንሰር ላይ 480 የሚያሳየውን ያህል ያቀርባል፤ ነገሩ ሲቀርብ የእጅህም መንቀጥቀጥ አብሮ ይቀርባል። የቆየው የሙያው ደንብ ለ480 ቢያንስ በአንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ አንሳ ይላል፤ ርካሹ 75-300 ደግሞ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋበት ምንም የለውም። ረጅም የግድ ካስፈለገ 55-250ው ቢያንስ ማረጋጊያ አለው። ግን ሃምሳ ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ጎረቤቴ ያጠረ ነገር አይወድም።

የቤተ ክርስቲያኑ ኳየር ጥያቄ ሌላ ነው። እነሱ ፎቶ አይፈልጉም፤ ክሊፕ ነው የሚፈልጉት። አረንጓዴውን የቡና ማሳ ከኋላ አድርገው፣ አንድ ዓይነት ጋውን ለብሰው፣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዙ። 1100ዲ ቪዲዮው 720 ላይ ስለሚቆም ገና በጠዋቱ ወደቀ። ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት የወጣው 600ዲ ግን ሙሉ ኤችዲ ይቀርጻል፤ ስክሪኑም ወደ ጎን ይገለበጣል። የኳየሩ መሪ ደስ ብሎት «ስብከቱንም ሙሉውን እንቀርጽበታለን» ሲል ዝም ማለት አልቻልኩም። 600ዲ አንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲሞላ ይቆማል፤ በሙሉ ኤችዲ 12 ደቂቃ ያህል መሆኑ ነው። ሌሎችም የዘመኑ ካሜራዎች ግማሽ ሰዓት ሊሞላ አንዲት ሰከንድ ሲቀረው ያቆሙ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር አምራቾቹ ከቀረጡ ለማምለጥ ያበጁት ዘዴ ነው። «12 ደቂቃ?» አለ የኳየሩ መሪ። «በ12 ደቂቃማ የእኛ ሰባኪ ሰላምታውን እንኳ አይጨርስም።»

እኔስ? የራሴን ጥቅም አልደብቅም። እኔ ካነን ይገዛ ባይ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ የመጣ ወዳጄ የሰጠኝ ዜኒት ካሜራ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ፊልሙ ከገበያ ከጠፋ ጀምሮ ሥራ ፈትቷል። ሄሊዮስ የሚባለው ባለ58 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ግን ዛሬም ዓይኑ ንጹሕ ነው፤ ቀዳዳው እስከ 2 ይከፈታል። በዊንታ የሚጠመዘዝ ስለሆነ በመሃል ቀለበት ከተደረገለት ካነን ላይ ይገጥማል፤ የካነን አፍ ለሴንሰሩ ቀረብ ያለ ስለሆነ ለቀለበቷ ቦታ ይተርፋል። ኒኮን ላይ ግን ያቺ ትርፍ ቦታ ስለሌለች ተጨማሪ መስታወት ካልገባበት ሩቁን አጥርቶ አያሳይም። እንግዲህ በስተርጅና ሌንሴን ሥራ ማስገባት ብፈልግ ምን ኃጢአት አለው?

የኒኮን ወገኖችም አልጠፉም። አንድ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘመዳችን ለምረቃ ሰሞን ጋውን የለበሱትን እያነሳ ኪሱን የሚደጉመው በኒኮን ነው፤ በእሱ ቤት ከኒኮን ሌላ ካሜራ የለም። ይህ ነገር ጋብቻ ነው። መጀመሪያ የመረጥከው ቦዲ፣ ማለትም ካሜራው ያለ ሌንሱ፣ ዕድሜ ልክህን የምታገባቸውን ሌንሶች ይወስናል፤ የካነንና የኒኮን ልጆች ሰባት ቤት ቢቆጠርላቸውም ያለ ቀለበት አይጋቡም። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የተሠራ የካነን ኢኤፍ ሌንስ ትንሹም ትልቁም ሴንሰር ላይ ይገባል፤ በ2003 ለትንሹ ብቻ የመጣው ኢኤፍ-ኤስ ግን ትልቁ ላይ አይገባም። ኒኮን በበኩሉ ከ1959 ጀምሮ አፉን አልቀየረም እየተባለ ይወደሳል፤ ውዳሴው ግን ጀማሪን ጉድጓድ ይከታል። የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰብ የሆኑት ርካሽ ቦዲዎች በውስጣቸው የሌንስ ሞተር የላቸውም። ሃምሳ አንድ ነጥብ ስምንት የሚለውን የቀድሞውን «ዲ» ሌንስ ርካሽ ነው ብለህ ብትገጥምበት ፎቶ ያነሳልሃል፤ ፎከሱን ግን በእጅህ እያዞርክ ነው። በራሱ እንዲፈልግልህ ሞተሩ እራሱ ውስጥ ያለውን ኤኤፍ-ኤስ መግዛት አለብህ። ይህችን አንዲት ፊደል ሻጭ አይነግርህም፤ አንዳንዱ ራሱም አያውቃት።

ክርክሩ ቤት ድረስ ተከትሎን ሁሉም የየራሱን ሲጎትት የካሜራውን ነገር የቆረጠችው እናቴ ናት። እናቴ ምንም አልጠየቀችም ነበር። ጀበናዋ ሥር ተቀምጣ ስትሰማ ቆየችና ልጁን «ለመሆኑ እዚሁ እንደተቀመጥኩ ታነሳኛለህ? ወይስ አንተም ውጪ አውጥተህ ፀሐይ ላይ ታቆመኛለህ?» አለችው። ልጁ «ለምን እማማ?» ሲላት፣ «በዕድሜዬ የተነሳሁት ፎቶ ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ፎቶ አንሺ በመጣ ቁጥር ‹ብርሃን ላይ ይውጡ› ይላል። እወጣለሁ፤ ፀሐይዋ ታጥበረብረኛለች፤ እጨፍናለሁ። የልጅ ልጆቼ ዓይነ ስውር ሴት ነበረች ይበሉኝ?» አለች።

ከዚህ ሁሉ ጉባኤ የካሜራ ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ወናጎ ጨለማ ናት። መብራት ጠፍቶ አይደለም፤ አሁን ስለሱ አላወራም። የጌዴኦ እርሻ ጫካ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው ቡና፣ በየመሃሉ እንሰት፤ ከእንሰቱ ሥር ደግሞ ቤቱ። ፀሐይ በእነዚህ ሁሉ ተጣርታ እኛ ጋ የምትደርሰው አንሳ ነው። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ተቀምጦ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር የመዘገበው አንድም ለዚህ ጥላ ነው፤ በፎቶ አንሺ ዓይን ከታየ ዓለም ያከበረልን ጨለማችንን ነው ማለት ይቻላል። የእነ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ቢያንስ አይንቀሳቀሱም፤ አንድ ፎቶ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅባቸውም ቅር አይላቸውም። ሰው ግን ይንቀሳቀሳል። ሙሽራ ይንቀሳቀሳል፤ ቡና ለቃሚ ይንቀሳቀሳል፤ እናቴ ስትናደድ ሁለት እጇም ይንቀሳቀሳል።

ከካሜራው ጋር በጥቅል የሚመጣው 18-55 ወደ 55 ሲጠጋ ቀዳዳው ከ5.6 በላይ አይሰፋም። ቁጥሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 50 ሚሊ ሜትር ለ5.6 ሲካፈል 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በዚያች ነው። 50 ለ1.8 ሲካፈል ግን 28 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የሙያው ሰዎች «ፊፍቲ» የሚሏት፣ ከሁሉም ርካሽ የሆነችው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህች ናት። ስፋቱን ብታሰሉት ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች። በጥቅሉ ሌንስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚፈጅ ፎቶ በፊፍቲ በአንድ መቶኛ ያልቃል። በአንድ አሥረኛ ሰከንድ እናቴ ቡና ስትቀዳ ብታነሷት ረከቦቱ ጥርት ይላል፤ እጇ ግን ከዕጣኑ ጢስ ጋር ይቀላቀላል። በአንድ መቶኛ ቀለበቷ ይታያል።

አይኤስኦ፣ ማለትም የሴንሰሩን የብርሃን ስሜት፣ ጨምሮ ማምለጥ ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን የእነዚህ እ.ኤ.አ. የ2011 ካሜራዎች አይኤስኦ ሲወጣ ምስሉ ነጠብጣብ ይሞላዋል። ካሜራው አናት ላይ ብቅ የሚለው ትንሹ ፍላሽ ደግሞ ጢስ ባለበት ቤት ውስጥ ጢሱን ያበራና ሰውየውን ይደብቃል።

ፊፍቲም ያለ ነውር አልተፈጠረችም። በትንሹ ሴንሰር ላይ የምታሳየው በትልቁ 80 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ያህል ጠባብ ነው። ልጁ ከጓደኛው ተውሶ እናቴን ሊሞክርባት ሲል መጀመሪያ ፊቷ ብቻ ገባ። ወደ ኋላ ሄደ፤ ትከሻዋ ገባ። ወደ ኋላ ሄደ፤ ጀርባው ግድግዳ ነካ። ጀበናውም ይግባ አለችው። በሩን በጀርባው ከፍቶ ወጣ፤ እንሰቱ ሥር ሆኖ በበሩ በኩል አነጣጠረ፤ ያኔ ጀበናውም ረከቦቱም እሷም ገቡ። ቤቷ ጠባብ ለሆነባት እናት 35 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2009 ለትንሹ ሴንሰር ያወጣው 35 አንድ ነጥብ ስምንት ለዚህ የተባረከ ነው፤ ካነን ዘንድ በዚያ ዋጋ አቻ የለውም። ይህን እውነት የዲላው ዘመዳችን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረን፤ እኔም ሄሊዮሴን እያሰብኩ ሦስት ጊዜ ርዕስ ቀየርኩ።

በመጨረሻ 600ዲ ከጥቅሉ ሌንስና ከፊፍቲ ጋር ይገዛ ተባለ። ኳየሩ ቪዲዮውን፣ እናቴ ጨለማውን፣ እኔ ለሄሊዮሴ ቀለበት የሚሆነውን ካነን አገኘን። ፀጉር አስተካካዩም 18 ሜጋፒክስል መሆኑን ሲሰማ «ተሻሽሏል» ብሎ አጸደቀ።

የገዛነው ያገለገለ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ይተመን ከተባለ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ጠዋት ጠይቀህ ማታ አትመለስበትም። ቴሌግራም ላይ ያሉት ካሜራዎች ሁሉ ከአንድ እናት የተወለዱ ይመስላሉ፦ ሁሉም የግል ናቸው፤ ሁሉም ከአሜሪካ መጡ፤ ሁሉም ብዙ አልተነሳባቸውም፤ ባለቤቶቻቸው ሁሉ ለአስቸኳይ ጉዳይ ነው የሚሸጡት። ከወናጎ አዲስ አበባ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሽማግሌ ወገብ ቀላል መንገድ አይደለም፤ ቢሆንም ልጁን ብቻውን አልለቅም ብዬ ተሳፈርኩ።

ሻጩ የተባለው ቦታ በሰዓቱ ተገኘ፤ ይህ ራሱ አጠራጠረኝ። ልጁ ግን ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ አስከትሏል፤ ኒኮን ቢሆን ስንት ጊዜ እንደተነሳበት እያንዳንዱ የፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ እንዲህ ያለው ካነን ግን ምስጢሩን የሚያወጣው ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በፕሮግራም ሲጠየቅ ነው። የዚህ ደረጃ ካሜራ መዝጊያ ለ100,000 ያህል ጊዜ ታስቦ የተሠራ ነው፤ አንድ ሠርግ ላይ 1,000 ቢነሳ መቶ ሠርግ። «ብዙ አልተነሳበትም» የተባለው ካሜራ ሰባ ያህሉን ሠርግ በልቶ ተገኘ። ሻጩ አልደነገጠም፤ «ካሜራ ካልሠራ ይታመማል» አለ። ዋጋው ግን ወረደ።

ከዚያ ሌንሱን በስልክ ባትሪ መብራት ከኋላ እያበሩ ማየት ነው። ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስል ሌንስ መብራት ሲወጋው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካሳየ ሻጋታ ነው። በደረቅ አገር ሰው ይህን በሽታ ሳያውቅ ይሞታል። እኛ ጋ ግን ዝናቡ ዓመቱን በሁለት ተካፍሎ ነው የሚመጣው፤ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሸብታል፤ ጫማ አረንጓዴ ያወጣል፤ ሌንስም በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ተከብሮ እንደተቀመጠ መስታወቱ ይበላል። ቦርሳው ነው እንዲያውም ርጥበቱን የሚይዝበት። መድኃኒቱ በደንብ የሚከደን የፕላስቲክ ዕቃና በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው፣ «አይበላም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሹ ከረጢት ነው። ልጁ ወናጎ ሲመለስ በየጫማ ሻጩ እየዞረ ከረጢት መለመን ጀመረ፤ ሰው ሁሉ አዘነለት።

ያላዘነለት ቡና ነጋዴው ጎረቤቴ ብቻ ነው። ስለ ካሜራ ከተወራው ሁሉ ይህ አንዱ ገባው። «ርጥበት? ታዲያ ይህን ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም!» አለ። ቡና ከ12 በመቶ በላይ ርጥበት ይዞ መጋዘን ቢገባ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ እሱ ርጥበት እያሰበ ነው የሚተኛው። ዕለቱን ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ መጣ፤ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ ከሥሩ እንጨት ደረደረለት። የመጋዘን ደንቡን በሙሉ ሲዘረዝርለት ልጁ ማስታወሻ ያዘ።

እናቴ ተነሳች። እዚያው እንደተቀመጠች፣ ጀበናዋ ሥር፣ ዓይኗ እንደተከፈተ። ከበሩ የገባው ብርሃን ግማሽ ፊቷን ነክቶ ቀለበቷ ላይ ይቆማል። ልጁ አሳጥቦ ሲሰጣት ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። «እኔ እንዲህ አርጅቻለሁ?» አለች። ከዚያ ፎቶውን መለሰችለትና «የጨፈንኩባቸው ይሻላሉ» ብላ ቡናዋን ቀዳች።

ከእናቴ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ሠርግ ነው፤ የረሳነውን ያስታወሰን እሱ ነው። ካሜራና ክብር እዚህ አገር አብረው ነው የኖሩት። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ ከገባ፣ ልጆቹም ሙያውን ይዘው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከዘለቁ ወዲህ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ትልቅ ሰው በትልቅ መሣሪያ ፊት ሲቆም ነው። የሙሽራዋ አጎት ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከዚያ ካሜራው ላይ የተገጠመችውን ፊፍቲ አየ። 130 ግራም ናት፤ ርዝመቷም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። «ሌንሱ የታለ?» አለ። ልጁ «ይህች ናት» ሲለው አጎትየው ወደ እኔ ዞሮ፣ በሽማግሌ ድምፅ፣ የተስማማንበት ዋጋ ለትልቁ ካሜራ እንጂ ለዚህ አልነበረም አለኝ። በወንዱ በኩል ከዲላ የመጣው ፎቶ አንሺ እስከ ክርኑ የሚደርስ ሌንስ ደረቱ ላይ አጋድሞ ቆሟል። ስለ ቀዳዳው ስፋት፣ ስለ አሥር እጥፍ ብርሃን ጀመርኩ። አጎትየው በትዕግሥት አልሰማኝም፤ እሱ ምላጭ አልያዘም እንጂ ገንዘቡን ይዟል።

በክብደት ከተሄደማ ስቲቭ ሳሰን የሚባለው የኮዳክ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ነበር። አንድ ምስል ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ጥራቱም ከአንድ ሜጋፒክስል መቶኛው ነው። ያን ይዞ ወናጎ የመጣ ሰው ግን ሠርግ በዕጥፍ ይዋዋል ነበር።

የዚያን ዕለት ያዳነን ጎረቤቴ ነው። ግማሽ ዋጋ አግዛለሁ ያለውን አልረሳም ነበር፤ እኛ 75-300 አንገዛም ስንል በራሱ ገንዘብ አዲስ አበባ ሰው ልኮ አስመጥቷል። ሌንሱን ብቻ፤ ካሜራ የለውም። በረንዳው ላይ ሆኖ ዓይኑ ላይ ቢደቅነው ከብዥታ በቀር ምንም ስላላየበት ሣሎኑ ውስጥ ብፌ ላይ አቁሞት ነበር። ጠቡን ሰምቶ ሮጦ አመጣው። ልጁ ፊፍቲን ነቅሎ ረጅሙን ገጠመ፤ ወደ 300 ዘረጋው፤ ወደ አጎትየው አነጣጥሮ አንዴ ቻክ አደረገ። በዚያ ድንኳን ጨለማ ውስጥ ምን እንደተነሳ እግዜር ይወቀው። አጎትየው ጋቢውን አስተካከለና ቀብዱን ቆጠረ።

ከዚያ ወዲህ 75-300 የማይሄድበት ሠርግ የለም። ዋጋ ሲነጋገሩ ይገጠማል፤ ቀብዱ ሲቆጠር ይነቀላል፤ የቀረውን ፊፍቲ ትሠራለች። ጎረቤቴ ግን ሰሞኑን ከእያንዳንዱ ሠርግ ድርሻዬን አምጡ ማለት ጀምሯል። ልጁ «ጋሼ፣ በእርስዎ ሌንስ እኮ አንድም ፎቶ አላነሳሁም» ቢለው፣ «ፎቶውንማ ማንም ያነሳል፤ ሥራውን የሚያመጣው የኔው ነው» አለ። ለሽምግልና የተጠራሁት እኔ ነኝ። ፊፍቲን የመረጥኩ ሰው ሆኜ እንኳ የምመልስለት አጣሁ፤ ሲሶ ያንሳል ብሏል።